ባዮሜዲካል ሳይንስ፦ ምን ይማሩበታል? የትስ ያደርሳል?

የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የትምህርት ክፍል መርጠው ቅጽ በሚሞሉበት ሰሞን፣ በባሕር ዳርም ሆነ በጣና ዙሪያ ባሉ ከተሞች ቤተሰብን ብዙ ከሚያመካክሩ ምርጫዎች አንዱ፣ በቅጹ ላይ በሌሎች ስሞች ቢገኝም፣ ባዮሜዲካል ሳይንስ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ ሐኪም ሊሆን ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ ሌላው የሆስፒታል ማሽን መጠገን የሚያስተምር የምሕንድስና ዘርፍ ይመስለዋል፤ ተማሪው ራሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ለሕክምና ትምህርት ካልበቃ የሚያርፍበት ቦታ አድርጎ ያየዋል። ሦስቱም ግምቶች ትክክል አይደሉም፤ በተለይ ሦስተኛው ጥሩ ችሎታ ያላቸውን ልጆች ከሚመጥናቸው ሙያ ስለሚያርቅ ጉዳቱ ከባድ ነው። ከዚህ በታች ትምህርቱ ምን እንደሆነ፣ በተግባር ምን እንደሚሠራበት፣ በአገራችን በየትኞቹ በሮች እንደሚገባበትና ወደ የትኞቹ ሥራዎች እንደሚያደርስ እናያለን።

ባዮሜዲካል ሳይንስ ምንድን ነው?

ባዮሜዲካል ሳይንስ የሰው ሰውነት ጤነኛ ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲታመም በውስጡ ምን እንደሚለወጥ፣ መድኃኒት ሲወስድም ያ ለውጥ እንዴት እንደሚስተካከል በናሙናና በመለኪያ የሚያጠና የትምህርት ዘርፍ ነው። ናሙና የሚባለው ለምርመራ ከሰውነት የሚወሰድ ማንኛውም ነገር ነው፤ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ አክታ፣ ወይም ከአጥንት መቅኔና ከዕጢ የተወሰደ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ታማሚውን ራሱን ሲመረምር፣ የዚህ ዘርፍ ባለሙያ ከታማሚው የመጣውን ናሙና ይመረምራል፤ ተመራማሪ ከሆነ ደግሞ ከብዙ ሰዎች የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አነጻጽሮ በሽታው ራሱ የሚሄድበትን መንገድ ይፈልጋል።

ዘርፉ በርካታ ትምህርቶችን ያቀፈ ነው። አናቶሚ የአካል ክፍሎችን ቅርጽና አቀማመጥ ያስተምራል፤ ፊዚዮሎጂ የእነዚያን ክፍሎች ሥራ፣ ለምሳሌ ልብ ደምን እንዴት እንደሚረጭ፣ ኩላሊት ጨውንና ውኃን እንዴት እንደሚመጥን ያሳያል፤ ባዮኬሚስትሪ በሕዋስ ውስጥ የሚካሄዱትን ኬሚካላዊ ለውጦች ይከታተላል። ማይክሮባዮሎጂ ባክቴሪያንና ቫይረስን፣ ፓራሲቶሎጂ እንደ ወባና ቢልሃርዚያ ያሉትን ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ኢሚውኖሎጂ የሰውነትን የመከላከል አቅም፣ ሄማቶሎጂ ደምን፣ ጄኔቲክስ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መረጃ ይመለከታሉ። ፓቶሎጂ በሽታ የአካል ክፍሎችን እንዴት እንደሚያበላሽ ሲያጠና፣ ፋርማኮሎጂ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ይመረምራል። ተማሪው መጀመሪያ ከሁሉም ይቀምሳል፤ በኋላ፣ በተለይ በሁለተኛ ዲግሪ፣ በአንዱ ይጠልቃል። ስታቲስቲክስም አብሮ ይሄዳል። ይህን ትምህርት ብዙ ተማሪ ቸል ይለዋል፤ ያለ እርሱ ግን የትኛውንም የምርምር ውጤት በትክክል ማንበብ አይቻልም።

ከሕክምና፣ ከባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግና ከሜዲካል ላቦራቶሪ በምን ይለያል?

ከሕክምና ጋር ያለው ልዩነት ግልጽ ነው። የባዮሜዲካል ሳይንስ ምሩቅ ታማሚ አያክምም፣ መድኃኒት አያዝም፣ ቀዶ ሕክምና አያደርግም። የሕክምና ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚማሯቸው አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ግን የዚሁ ዘርፍ ትምህርቶች ናቸው፤ ከሚያስተምሯቸው መምህራንም ብዙዎቹ በእነዚህ ዘርፎች ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያላቸው ሳይንቲስቶች ናቸው።

ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ምሕንድስና ነው። ተማሪው ሒሳብን፣ ኤሌክትሮኒክስንና የሕክምና መሣሪያዎችን አሠራር ተምሮ፣ የአልትራሳውንድ፣ የኤክስሬይ፣ የኦክስጅንና የላቦራቶሪ ማሽኖችን ይነድፋል፣ ይተክላል፣ ይጠግናል። የደም መቁጠሪያው ማሽን ሲበላሽ የሚጠራው ኢንጂነሩ ነው፤ ማሽኑ ያወጣው ቁጥር የሚታመን መሆኑንና ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ያለበት ደግሞ የላቦራቶሪው ሳይንቲስት ነው።

ከሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ ጋር ያለው ዝምድና ግን የቀረበ ስለሆነ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ የታማሚን ናሙና መርምሮ ለሕክምና ውሳኔ የሚውል ውጤት የማውጣት ሙያ ነው፤ በአገራችን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ፣ የሙያ ፈቃድ የሚጠየቅበትና በጤና ተቋማት ውስጥ የራሱ የሥራ መደብ ያለው ነው። ባዮሜዲካል ሳይንስ ከዚህ ሰፋ ይላል፤ የሆስፒታል ምርመራን ጨምሮ ምርምርን፣ ማስተማርንና የመድኃኒት ልማትን ያካትታል። እንግሊዝን በመሰሉ አገሮች የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ የሚጠራው «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» እየተባለ ነው፤ እኛ አገር ያው ሥራ የሚታወቀው በሜዲካል ላቦራቶሪ ስም ነው። ስለ ዘርፉ ኢንተርኔት ላይ ያነበበ ተማሪ ወደ አገሩ የትምህርት ክፍሎች ዝርዝር ሲመለስ ያነበበውን የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ ትምህርቱ አለ፣ የሚገኘው ግን በሌሎች ስሞች ሥር ተከፋፍሎ ነው።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

ከጣና በስተምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረዳ የደረሰው ነገር ይህን ሙያ ከየትኛውም ትርጓሜ በተሻለ ያስረዳል። በወረዳው ያሉ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይታመሙ፣ ይከሱና ሆዳቸው ያብጥ ጀመር። አካባቢው ወባን የሚያውቅ ስለሆነ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው፤ አልሻላቸው ሲል መድኃኒቱን የተላመደ ወባ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። በሽታው ካላዛር መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ ምርመራ ነው። ካላዛር ሌሽማኒያ በተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ የደም ማነስ የሚያስከትልና ካልታከመ በአብዛኛው የሚገድል በሽታ ነው። ቀደም ሲል በመተማና በሑመራ ቆላ መኖሩ ይታወቅ ነበር፤ ወደ ሊቦ ከምከም ያመጡት ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይታሰባል።

የሁለቱን በሽታዎች ትኩሳት በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም። የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ስለሚኖር ከጣት ጫፍ በተወሰደ ጠብታ ደም ይታያል፤ የካላዛር ተሕዋስ ግን በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ የወባ ስላይድ የሚያነብ ባለሙያ «ወባ የለም» ብሎ በእርግጠኝነት መመለስ ከቻለ፣ ያ መልስ ሐኪሙ ፊቱን ወደ ሌላ በሽታ እንዲያዞር ያደርገዋል። ምንም አልተገኘም የሚለው ውጤት ተገኘ ከሚለው እኩል ክብደት እንዳለው ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ለእኔ ግን የዚህ ሙያ ትልቁ ኃላፊነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለመሆኑ አንድ የወባ ስላይድ እንዴት ይነበባል? የደሙ ጠብታ በመስታወት ላይ በሁለት መልክ ይዘጋጃል። አንደኛው ወፍራም ሲሆን ብዙ ደም በትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ተሕዋሱ ጥቂት ቢሆን እንኳ ለማግኘት ይረዳል፤ ሁለተኛው ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ ስለሆነ የተሕዋሱን መልክና የያዘውን የደም ሕዋስ ቅርጽ ያሳያል። ሁለቱም ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ከቀለሙ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። በአገራችን በብዛት የሚገኙት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉት ዝርያዎች ናቸው። ፋልሲፓረም በፍጥነት ወደ ከባድ ሕመም ሊያመራ ይችላል፤ ቫይቫክስ ደግሞ በጉበት ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽ፣ ጉበት ውስጥ የቀረውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒት ይፈልጋል። ዝርያውን ያሳሳተ ንባብ የተሳሳተ ሕክምና ያስከትላል ማለት ነው።

በየጤና ጣቢያውና በየጤና ኬላው የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ሥራውን አቅልሎታል፤ ሳይንሱን ግን አልተካውም። ከእነዚህ መመርመሪያዎች ብዙዎቹ ሲፈልጉ የኖሩት የፋልሲፓረም ተሕዋስ የሚሠራውን አንድ ፕሮቲን ነው። በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ክልሎች በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ያንን ፕሮቲን የሚያሠራው ጂን የጠፋባቸው ተሕዋስያን መኖራቸውንና ከመመርመሪያው እያመለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ታማሚው ወባ አለበት፣ መመርመሪያው ግን የለም ይላል። ይህን ክፍተት ያገኙት ናሙናዎቹን በማይክሮስኮፕና በጂን ምርመራ ደግመው ያዩ ሳይንቲስቶች ናቸው።

ምርመራ ለምን ይሳሳታል?

ማንኛውም የምርመራ ዘዴ የሚመዘነው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው በሽታው ያለበትን ሰው ሳያመልጠው የመያዝ ችሎታው ነው፤ ሁለተኛው ጤነኛውን ሰው ታማሚ ነው አለማለቱ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማግኘት ለምን እንደሚያስቸግር የጣና ዓሣ አስጋሪ በደንብ ያውቀዋል። የመረቡ ዓይን ጠባብ ከሆነ ትንሹም ዓሣ አያመልጥም፣ ነገር ግን ሣሩና ቆሻሻው አብሮ ይወጣል፤ ዓይኑ ሰፊ ከሆነ የሚወጣው ዓሣ ብቻ ነው፣ ትንንሹ ግን ሾልኮ ይቀራል።

ስለዚህ የትኛው ዘዴ የት እንደሚያገለግል መወሰን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የደም ባንክ ለጋሾች የሰጡትን ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ሲመረምር የሚመርጠው ጠባቡን ዓይን ነው፤ ጥርጣሬ ያለበትን ደም ማስወገድ የተበከለውን ለታማሚ ከመስጠት ይሻላልና። ለአንድ ሰው «ኤችአይቪ አለብህ» ከማለት በፊት ግን በአንድ ምርመራ አይወሰንም፤ የመጀመሪያው ያሳየውን የተለየ መመርመሪያ ደግሞ ያረጋግጠዋል።

ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ የሚፈጠሩት ናሙናው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል። በተሳሳተ ቱቦ የተቀዳ ደም፣ ሙቀት ላይ የቆየ ናሙና፣ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ብልቃጥ፣ እጅግ ዘመናዊ ማሽን ላይ ቢገባም የሚያወጣው ውሸት ነው። ተማሪዎች በላቦራቶሪ የመጀመሪያ ወራት ስም ማጣራት፣ ሰዓት መመዝገብና ሙቀት መቆጣጠር ሲደጋገምባቸው ይሰለቻሉ፤ የታማሚው ደኅንነት የሚጠበቀው ግን በዚያ ድግግሞሽ ነው።

«ኖርማል» የሚባለው ቁጥር ከየት ይመጣል?

የላቦራቶሪ ውጤት የተቀበለ ሰው ከቁጥሩ አጠገብ ከዚህ እስከዚህ የሚል ሌላ ቁጥር ያያል። ይህ የማነጻጸሪያ ክልል የሚገኘው ጤነኛ የሆኑ ብዙ ሰዎችን ለክቶ፣ ከመካከላቸው 95 በመቶ የሚሆኑት የሚያርፉበትን ወሰን በማውጣት ነው። ስለዚህ ከመቶ ጤነኛ ሰዎች አምስት ያህሉ ምንም ሳይሆኑ ከክልሉ ውጪ ሊገኙ ይችላሉ። ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን የተለኩት ጤነኞች እነማን ነበሩ የሚለው ነው፤ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ሰዎች ላይ የወጣ ክልል ለጣና ዳር ነዋሪ ሁልጊዜ አይስማማም።

ሄሞግሎቢንን እንውሰድ። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከም ፕሮቲን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እርጉዝ ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን የደም ማነስ ይለዋል፤ ይህ ግን ለባሕር ጠለል የወጣ መለኪያ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከፍታ ሲጨምር የሚተነፈሰው ኦክስጅን ስለሚያንስ ሰውነት ብዙ ጊዜ ሄሞግሎቢን ጨምሮ ያካክሳል፤ በመሆኑም ድርጅቱ በከፍታ ለሚኖሩ ሰዎች ማስተካከያ እንዲደረግ ይመክራል። ባሕር ዳር ላይ 12.2 የተለካች ሴት ወረቀቱ ላይ ጤነኛ ብትመስልም፣ ማስተካከያው ሲሠራላት የደም ማነስ ካለባቸው መካከል ልትቆጠር ትችላለች።

ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ አግኝቶታል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፤ የቲቤት ነዋሪዎች ብዙም ባይጨምርባቸውም የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል፤ የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ይዘው ተገኙ። እኛ ሁልጊዜ የምናያቸው ገበሬዎችና እረኞች ለዓለም የፊዚዮሎጂ ሳይንስ አዲስ ጥያቄ ሆነዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አንሥቶ በራሱ አገር ላቦራቶሪ የሚመልስ ወጣት እዚሁ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሊወጣ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን በየት በኩል ይገባበታል?

መነሻው የተፈጥሮ ሳይንስ መስመር ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን አልፎ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶችን የጨረሰ ተማሪ በውጤቱና በምርጫው ወደ ትምህርት ክፍል ይመደባል። ከዚያ ወደ ባዮሜዲካል ሳይንስ የሚያስገቡ ዋና ዋና በሮች ሜዲካል ላቦራቶሪ ሳይንስ፣ ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ ፋርማሲና የእንስሳት ሕክምና ናቸው። ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በሕክምና ትምህርት ቤቶች ሥር በአናቶሚ፣ በፊዚዮሎጂ፣ በባዮኬሚስትሪ፣ በማይክሮባዮሎጂ፣ በፓራሲቶሎጂ ወይም በኢሚውኖሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ይቀጥላሉ።

በጣና ዙሪያ ለሚኖር ተማሪ ሁለት ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ቅርብ ናቸው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ የጤና ትምህርቶችን ይሰጣል፤ ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በሐይቁ ሰሜን ያለው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወራሽ ነው፤ ኮሌጁ የተከፈተው በደንቢያ ሜዳ የተነሣ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን በጨረሰ ማግስት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱን የቻለ የባዮሜዲካልና ላቦራቶሪ ሳይንስ ትምህርት ቤትና ካላዛርን የሚያጠናና የሚያክም ማዕከል አለው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። እንደ ሜዲካል ላቦራቶሪ ባሉ የጤና ሙያዎች ደግሞ ለመሥራት የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፈቃዱ ጉዳይ በባዮሎጂና በላቦራቶሪ መካከል ያለውን ትልቁን ልዩነት ይፈጥራል። የባዮሎጂ ምሩቅ በምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ፒሲአር (የዘር መረጃን አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ሊሠራ፣ ባክቴሪያ ሊያሳድግ፣ ጂን ሊያነብ ይችላል፤ የሆስፒታል ታማሚን ውጤት ፈርሞ ለማውጣት ግን ያ ዲግሪ አያበቃውም። ይህን ሳያውቁ ተመርቀው ሆስፒታል ሥራ ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆች አሉ፤ ቀድሞ የሚነግራቸው ሰው ቢያገኙ ኖሮ ብዙዎቹ ሌላ በር ይመርጡ ነበር።

በውጭ አገርስ?

በእንግሊዝ ባዮሜዲካል ሳይንስ ራሱን የቻለ የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሆን በአብዛኛው ሦስት ዓመት፣ በስኮትላንድ አራት ዓመት ይፈጃል። «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው የሙያ ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ስም በሆስፒታል ለመሥራት በሙያው ኢንስቲትዩት ዕውቅና ያለው ወይም ከዚያ ጋር እኩል የተገመተ ዲግሪ፣ በተግባር ሥልጠና የተሟላ የብቃት ማስረጃና በጤና ሙያዎች ምክር ቤት መመዝገብ ያስፈልጋል። በአሜሪካና በአውስትራሊያ ግን ብዙ ተማሪዎች ይህን ዲግሪ የሚይዙት ወደ ሕክምና ለመግባት እንደ መዘጋጃ ነው። ከእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ እንደ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የጀርመኑ ዳድና ፉልብራይት ባሉ የነፃ ትምህርት ዕድሎች ይወዳደራሉ።

ከምረቃ በኋላ ምን ሥራ አለ?

ብዙ ሰው የሚያየው የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪን ነው። በባሕር ዳር ጥበበ ግዮንና ፈለገ ሕይወትን በመሰሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሥራው በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ የደም ቆጠራ፣ የኩላሊትና የጉበት ኬሚስትሪ፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ፣ ባክቴሪያ አሳድጎ የትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገድለው የሚታይበት ካልቸር፣ ቲቢንና መድኃኒቱን መላመዱን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚለየው ጂን ኤክስፐርት የተባለ ማሽን እያንዳንዳቸው የተካነ ባለሙያ ይፈልጋሉ። በተለይ የካልቸር ሥራ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያለ ምርመራ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያዎችን ባላመደ ቁጥር የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ፍላጎት ይጨምራል።

ሁለተኛው የሕብረተሰብ ጤና ነው። ባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ወረርሽኝ ሲነሣ ናሙና ይመረምራል፣ የሌሎች ላቦራቶሪዎችን ጥራት ይከታተላል፤ የኮሮና ምርመራ በክልሉ ሲጀመርም ከፊት የነበረው እርሱ ነው። የደም ባንክም በዚሁ ረድፍ ይመደባል።

ማስተማርና ምርምር ለሚወድ መንገዱ ረዘም ይላል፤ ያለ ሁለተኛ ዲግሪ ብዙ አያራምድም። የሕክምና ትምህርት ቤቶች የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂና የባዮኬሚስትሪ መምህራን ሁልጊዜ ያስፈልጓቸዋል። በምርምር በኩል በአዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና በዶክተር አክሊሉ ለማ ስም የሚጠራው የምርምር ኢንስቲትዩት ይገኛሉ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ቢልሃርዚያ ዛሬም በጣና ዳር ውኃ ውስጥ የሚዋኙ ልጆችንና የሚሠሩ አዋቂዎችን የሚይዝ በሽታ ስለሆነ ይህ ታሪክ ያለፈ ብቻ አይደለም። በሽታውን ለመለካት ዛሬ የሚሠራበት ዘዴ 41.7 ሚሊግራም ሰገራ በመስፈሪያ ወስዶ በማይክሮስኮፕ በሽታውን የሚያመጣውን ትል እንቁላል መቁጠርና ቁጥሩን በ24 ማባዛት ነው፤ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት እንቁላል እንዳለ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሥራ አይወደውም።

የመድኃኒትና የመመርመሪያ ዕቃ ጥራት ቁጥጥር፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ ሪኤጀንት (ለምርመራ የሚያገለግል ኬሚካል) እና ማሽን አስመጪ ድርጅቶችም ምሩቃንን ይቀጥራሉ። ከሰው ውጪ ያለውን በሚመለከት ደግሞ ከባሕር ዳር ብዙም የማይርቀው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በከተማዋ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ባዮሎጂና ባዮቴክኖሎጂ ለተማረ ቦታ አላቸው። የጂን መረጃን በኮምፒውተር የሚተነትነው ባዮኢንፎርማቲክስም እያደገ ያለ መስክ ነው፤ ፕሮግራሚንግ የሚወድ ተማሪ አስቀድሞ ቢጀምረው ይጠቀማል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የመንግሥት ቅጥር በበጀት የተወሰነ ስለሆነ ዲግሪ መያዝ ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ ክፍት ቦታው ብዙውን ጊዜ ከትልልቅ ከተሞች ርቆ ያለ ጤና ጣቢያ ወይም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ወረዳ ላይ መጀመር ማፈሪያ አይደለም። ጥቂት ባለሙያ ባለበት ቦታ አንድ ጀማሪ ከወባ ስላይድ እስከ ደም ማዛመድ ሁሉንም በራሱ እጅ ስለሚሠራ በአጭር ጊዜ ብዙ ይማራል።

ወደ ሕክምና መሸጋገሪያ ይሆናል?

አንዳንዱ ተማሪ በዚህ በር ገብቶ በኋላ ወደ ሕክምና እዘዋወራለሁ ብሎ ያስባል። ዲግሪ ላላቸው የሕክምና ዕድል የሚከፈትበት ጊዜ ቢኖርም በእርግጠኝነት የሚጠበቅ አይደለም፤ ውድድሩም ከባድ ነው። ሐኪም መሆን የሚሻ ሰው ሕክምናን ይምረጥ። ይህ ዘርፍ የሚስማማው በሽታው ለምን እንደመጣ ማወቅ ለሚያስጨንቀውና በናሙና ፊት ለብዙ ሰዓት መቀመጥ ለማይከብደው ነው።

ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ምን ይጣራ?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ትምህርት ክፍሉ የሚሰጠው ዲግሪ ለሙያ ፈቃድ ያበቃል ወይ የሚለው ነው፤ መልሱን ከተማሪ ወሬ ይልቅ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወይም ከክልሉ ጤና ቢሮ ማግኘት ይሻላል። ቀጥሎ ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት በላቦራቶሪ እንደሚያሳልፍ፣ ማሽኖቹ የሚሠሩ መሆናቸውንና ሪኤጀንት መኖሩን፣ በየትኛው ሆስፒታል ለስንት ወር የተግባር ልምምድ እንደሚወጣ ይጠየቅ። የቀድሞ ምሩቃን የት እንደሚሠሩ ማወቅም ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግራል። ከቀለም፣ ከደም ወይም ከሰገራ ናሙና ጋር መሥራት የሚከብደው መሆን አለመሆኑን ያልፈተነ ተማሪ፣ ከተቻለ አንድ ቀን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ፈቃድ ጠይቆ ሥራውን ቢያይ ጥሩ ነው።

ወደፊት ወደ ውጭ ለመሄድ የሚያስብ ደግሞ የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫና የተግባር ልምምድ ሰዓቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማኅተም እያስደረገ ያስቀምጥ። የውጭ ገምጋሚዎች የዲግሪውን ስም ብቻ አይተው አይወስኑም፤ ምን እንደተማረና ስንት ሰዓት በላቦራቶሪ እንደሠራ በወረቀት ይጠይቃሉ፤ ይህን ማስረጃ ከተመረቁ ከዓመታት በኋላ ማሰባሰብ ግን እጅግ አድካሚ ነው።